ጠመንጃ እየሸሸ የተጠማዘዘው ቦይ

በጎጃም ምድር ውሃን እንደ በቅሎ በልጓም ይዞ የመራ ሰው ከኔ በቀር አልተፈጠረም። ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ ተቀብሎ ወደ ወንዙ የሚያደርሰውን ቦይ መሥመር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገመድ ዘርግቼ፣ ችካል ተክዬ፣ ከላይ ከመኪናው መንገድ እስከ ታች ወንዙ ድረስ። መሐንዲስ አልነበረም፤ ካርታ አልነበረም፤ የነበረው የኔ ዓይን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ በየዘመኑ አይወለድም።

ቦዩን ያየ እንግዳ ሁሉ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን መሥመር ያወጣው ሰውዬ ያን ቀን ምን ያህል ጠጥቶ ነበር? ይላል። ቀጥ ብሎ ቢወርድ ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ሳይጨርስ የሚደርስበትን ቁልቁለት፣ የኛ ቦይ ወደ ግራ ሄዶ፣ ወደ ቀኝ ተመልሶ፣ የአንዱን ጓሮ ዞሮ፣ የሌላውን አጥር ተደግፎ፣ ወደ መጣበት ሊመለስ ምንም ሳይቀረው እንደገና ይታጠፋል። እባብ ቢገባበት ወገቡን ያመዋል። እኔም ያን ቀን አልጠጣሁም ነበር። ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከመንገዱ ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከሰፈራችን በላይ አፈርና ድንጋይ እየቆለለ ከፍ ያለ የመኪና መንገድ አሠራ። ከዚያ በፊት ውሃው ከተረተሩ ላይ በመቶ ቀጫጭን መንገድ ተበታትኖ ነበር የሚወርደው። ለያንዳንዱ ቤት የድርሻውን ያህል ያደርሳል፤ ባለቤቱም በዶማ ጫር ጫር አድርጎ ከደጁ ያሳልፈዋል። መንገዱ ግን ያን ሁሉ ውሃ እንደ ግድብ አቆመና ከሥሩ ባለች በአንዲት የድንጋይ ቱቦ አሹልኮ በኛ ላይ ለቀቀው።

በመጀመሪያው ክረምት የሆነውን ስናገር ሰው ያጋነንሁ ይመስለዋል። አንዲት ዶሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በደጄ ስታልፍ አይቻለሁ፤ እንደ ወይዘሮ ቀጥ ብላ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ ከነአልጋው ዓባይ ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈ። እሺ፣ ሰውየው ቀድሞ ከአልጋው ወርዶ ነበር፤ ዶሮዋ ግን እውነት ናት። ሳቁ ካለፈ በኋላ የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ እየሟሸሸ ተናደ፣ የሰው እህል ሻገተ፣ ሕፃናት በሳል ከረሙ።

ሽማግሎች ተሰብስበው ለጣሊያኑ ሹም አቤት ሊሉ ሄዱ፤ እኔም አፌ ይጠቅማል ተብዬ ተከተልሁ። ሹሙ አላነጋገረንም። አስተርጓሚው ወጣና፣ ውሃው ከመንገዱ በላይ ሳለ የመንግሥት ነው፣ ከመንገዱ በታች ሲሆን ግን የእናንተ ነው፤ በራሳችሁ ወጪ ከመጪው ክረምት በፊት ቀጥ ያለ ቦይ ቆፍራችሁ ወንዝ አግቡት፣ ያለዚያ ሰፈሩ ይነሣል አለን። ውሃውን ከየትኛው ገበያ እንደ ገዛነው ልጠይቀው አፌን ስከፍት አንዱ ሽማግሌ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ሰካው።

ወጪው ከየት ይምጣ? የጣሊያንን ሊሬ ማንም አያምነውም፤ ነገ ሲሄዱ ከወረቀቱ ጋር ይሄዳሉ እያለ ሰው ከእጁ እንደ ፍም ነበር የሚጥለው። ጠገራ ብር ያለው ደግሞ የለኝም ይላል። ለዚህ የቀረን በየወሩ ጽዋ የምንጠጣበት ማኅበራችን ብቻ ነበር። የማኅበሩን አለቃ እንደ ወጉ ሙሴ ብለን ነው የምንጠራው፤ የኛው ሙሴ አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። እሳቸው አንድ ነገር አመጡ። ለዓመት ያህል ድግሱ ይቅር፤ ጽዋው በዳቦና በቅምሻ ጠላ ብቻ ይታሰብ፤ ለድግስ የምናወጣው እህል ለቦዩ ይዋጣ። ወንድ ያለበት ቤት እህልም ጉልበትም ያወጣል፤ ወንድ የሌለበት በጉልበቱ ፈንታ እህል ይጨምራል። በተዋጣው እህል ለቆፋሪው ጠላ ይጠመቃል፣ የተረፈው ለድንጋይ ገንቢው ደመወዝ ይሆናል። ድግስ ይቀራል ሲባል ሰፈሩ ከጎርፉ ይልቅ በዚህ ነው ያለቀሰው። እኔ ግን አጨበጨብሁ፤ የኔ ተራ ድግስ ሊደርስ ነበርና።

መሥመሩን ማን ያውጣ ሲባል እጄ ከኔ ቀድሞ ተነሣ። እንጀራዬ የበቅሎ ድለላ ነው። አሮጊት በቅሎ ወጣት ናት እያልሁ ስምል የኖርሁ ሰው፣ ስለ ራሴ ስናገር ምን ሊያቆመኝ! ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከሮብ ገበያ ትንሽ እልፍ ብሎ ነው የተወለድሁት አልኋቸው፤ እዚያ ዝናቡ ሰው አያስቀምጥም፤ ገና ዳዴ ስል ነው ፈሰስ ማውጣት የጀመርሁት አልሁ። ፈሰስ ማለት ባላገሩ የዝናቡ ውሃ ሰብሉን እንዳያጥብበት ማሳውን ሰያፍ አድርጎ በበሬ የሚያወጣው ጥልቅ ትልም ነው። ከጮቄ ሥር መወለዴ እውነት ነው። ፈሰሱን ያወጣ የነበረው ግን አባቴ ነው፤ እኔ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ በሬዎቹን እሳደብ ነበር።

ፈሰስ ግን ሥርዓት አለው። ከማሳህ ያስወጣኸው ውሃ የሚያርፈው በሰው ማሳ ላይ ነውና፣ በሬ ሳትጠምድ ከታችህ ያለውን ሰው ደጁ ድረስ ሄደህ ትጠይቀዋለህ። እሱ በዚህ ይለፍ ካላለ አይወጣም። ሙሴያችንም የባላገር ልጅ ናቸውና ይህን ያውቃሉ። የጣሊያኑ ሹም ቀጥ አድርጋችሁ ቆፍሩ ቢልም እሳቸው፣ የሰው ደጅ ያለ ፈቃድ አይቆረስም፤ እንደ አባቶቻችን በየቤቱ ገብተን እንጠይቅ አሉ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰፈር፣ ይህ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም አላሰብነውም።

ዘመኑን ያላየ ሰው ቢያነበው ልንገረው። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ የሚል አዋጅ ነበር። ደብቆ የተገኘ ሰው መጨረሻው ገመድ እንደ ሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ በዓይኑ አይቷል። የኛ ሰው ታዲያ አንዳንዱ መሣሪያውን ይዞ ጫካ ገባ፤ ብዙው ደግሞ ቅቤ ቀብቶ፣ በቆዳ ጠቅልሎ፣ ጓሮው ቀበረው። ማን እንደ ቀበረ ሰፈሩ ሁሉ ይገምታል፤ የት እንደ ቀበረው ግን ከሰውየው በቀር የሚያውቅ የለም። እኛ ደግሞ ይህን መሬት ልንቆፍር ነው በየበሩ የቆምነው።

ሙሴ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ገመድና ችካል ይዤ ከኋላ ሆነን ጀመርን። የመጀመሪያው ባለ ቤት ጓሮው መሃል ላይ እግሩን አንፈርክኮ ቆመና፣ እዚህ ላይ እንኳ አይሆንም፤ በቅሎዬ ሞታብኝ የቀበርኋት እዚህ ነው አለ። ያቺን በቅሎ ያሻሻጥሁለት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ደምበጫ ገበያ አግኝቻት ጤና ይስጥልኝ ልትለኝ ምንም አልቀራት። ዓይኔን ወደ ሙሴ መለስሁ። ሙሴ ደመናውን ያያሉ።

«ነፍሷን ይማር» አልሁ።

«እንዙር» አሉ ሙሴ።

ዞርን። ቀጥሎ ያሉት አሮጊት ደግሞ ቅጠል ያልበቀለበትን ባዶ መሬት እያሳዩ የጎመን መደቤ ነው፣ አይነካም አሉ። ጎመኑ የታለ ብላቸው ገና ይተከላል አሉኝ።

«መቼ ነው የሚተከለው እማማ?»

«ጠላት ሲወጣ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሙሴ አሁንም ደመናውን ማየት ጀመሩ። ገመዴን ጠቅልዬ ዞርሁ። እንዲህ እያልን አንዱ የልጁ እትብት፣ ሌላው የውሻው መቃብር፣ አንዱ ሕልም አየሁ፣ አንዱ ወገቤን ያመኛል እያለ ገመዱ እንደ ተናደደ ጅራፍ ተጠማዘዘ። እኔ በበኩሌ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሁሉም ይዋሻል፣ ሁሉም መዋሸቱን ሌላው እንደሚያውቅ ያውቃል፣ ማንም ደግሞ ምንም አይልም። እንዲህ ያለ የውሸት ገበያ በደላላነት ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ውስጤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ሰዎቹ ጓሯቸው ላይ ሲቆሙ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ኩራት ነበር። እኔ እሱ አልነበረኝም።

እንዲህ እየዞርን እኔ ቤት ደረስን። የኔ ጓሮ ለውሃው ተፈጥሮ የሰጠው መንገድ ነው። ከላይ ካለው ሁሉ ዝቅ ይላል፤ በዚያ ቢያልፍ ውሃው አንድ ጊዜ ሳይታጠፍ ወንዝ ይገባል። ይህን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እኔ ግን ለሽያጭ የመጡ በቅሎዎች የማስረው እዚያ ነው፤ ጓሮው በቦይ ከተቆረሰና ከጨቀየ ገዢ እግሩን አያስገባበትም። ይህን ብናገር ሙሴ ይስቁ ነበር፤ ቦዩም ያልፍ ነበር።

ገመዱን መሬት አስቀመጥሁ። ሄጄ ጓሮዬ ካለው ጌሾ ሥር ቆምሁ፤ እንደ ሌሎቹ እግሬን አንፈረከክሁ፤ አንገቴን ደፋሁ።

«አባቴ» አልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እዚህ ላይስ ባይነኩብኝ።»

ሙሴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚያዩኝ ሰው የተቀደደ ከረጢት በሚያይበት ዓይን ነበር። መስቀላቸውን አወጡና ግንባሬን፣ ቀጥሎም ሳላስበው መሬቱን ባረኩት። «አንተም?» አሉ ቀስ ብለው። «እግዚአብሔር ይጠብቅህ ልጄ።»

ባረኩት እንጂ ከጌሾው ሥር ምንም አልነበረም። የአባቴን ጠመንጃ አዋጁ በወጣ በበነጋው በማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ወልውዬ፣ አንግቼ፣ ራሴ ወስጄ አስረክቤያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። በር ላይ የቆመው ወታደር እንኳ እስኪከፈት ጠብቅ ብሎኝ ብርድ ላይ አቁሞኛል።

ከኔ ጓሮ የሸሸ ቦይ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የጎረቤቴ የባልቴቷ ደጅ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ነበር የምላቸው። ባላቸው ድሮ ነው የሞቱት፤ አንድ ልጃቸው ጠመንጃውን ይዞ ጮቄ ገብቷል፤ ይህንም ሰፈሩ ያውቃል፣ አይናገርም። ያላቸው ነገር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ማሳ ነው፤ ለእኩል አራሽ ሰጥተው የሚያሳርሱት። ዘሩን እሳቸው ይሰጣሉ፣ ጉልበቱ የአራሹ፤ ምርቱን ይካፈላሉ። የዘሩን ጤፍ ከበሩ ገባ ሲባል ባለው ጎታ ያስቀምጡታል። ጎታ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው፤ እሳት ያላየ ጭቃ ስለ ሆነ ሥሩ ውሃ ከነካው አለቀለት። ያ ጤፍ በሐምሌ ካልተዘራ ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም። ሙሴ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ተጨንቀው የጠየቋቸው።

እትዬ እኔን አዩኝ፤ ጌሾዬን አዩ፤ ገባቸው። ገባቸው መሰላቸው ማለቴ ነው።

«እኔ ዘንድ የሚቀበር የለም አባቴ» አሉ። «ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም ወጥቷል። በዚህ ይለፍ።»

ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ችካሉንም ከደጃቸው አጠገብ የመታሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ስቼ ጣቴን መታሁ፤ እትዬ ሮጠው ቅቤ አመጡልኝ።

ቁፋሮው ፋሲካ እንዳለፈ ተጀመረ። ለቆፋሪው የተጠመቀው ጠላ ቀድሞ እያለቀ ቦዩ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከቦዩ ጥልቀት የጋኑ ጥልቀት ይበልጥ ነበር ብል ብዙ አላጋነንሁም። አስተርጓሚውም ከአንድ ጣሊያን ጋር ሊያይ መጣ። ጣሊያኑ ጥምዝምዙን አይቶ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ለምን ቀጥ አላደረጋችሁትም ይላል አለን። ሰው ሁሉ ደረቀ። እኔ ቀደም አልሁና፣ በኛ አገር ውሃ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ዓይኑ አያይም፤ እያጠፍን ነው የምናበርደው አልሁት። አስተርጓሚው የዚሁ አገር ልጅ ነው። ዓይኑን በየጓሮው አዙሮ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በጣሊያንኛ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ጣሊያኑ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ያን ቀን ቆፋሪው በእጁ አነሣኝ። ጀግናው የሚለው ስም የወጣልኝም ያኔ ነው። እሱም ጠመንጃ ቀብሯል የሚለው ወሬ ከሙሴ አልወጣም፤ እኔ ግን ስጠየቅ በዝምታ ፈገግ እል ነበር፤ በዕድሜዬ ሙሉ ዝም ብዬ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እህሉ እያለቀ ሲሄድ ለድንጋይ ገንቢው የቀረው የአንድ መታጠፊያ ደመወዝ ብቻ ሆነ። የመጨረሻው መታጠፊያ ውሃውን ከኔ አጥር አጋጭቶ ወደ እትዬ ደጅ የሚመልሰው ነው። ሁለቱም ዳር ድንጋይ ይፈልጋል። ሙሴ አስበህ አሠራው ብለው ለኔ ተዉት፤ በወግ ያመኑት ሰው ነኝና። እኔም አሰብሁ። ውሃው መጀመሪያ የሚመታው የኔን አጥር ነው፤ ስለዚህ የሚገነባው የኔ ዳር ነው አልሁ። ንግግሬ ምክንያት ነበረው፤ ገንቢውም ተስማማ። የኔ ዳር በድንጋይ ከፍ ብሎ ተሠራ። የእትዬ ዳር ለከርሞ ይደርሳል ተብሎ በባዶ አፈር ቀረ። እትዬም ለመዋጮው ወንድ የለሽ ቤት ናቸውና ከሌላው የበለጠ እህል ነበር ያወጡት።

ሐምሌ ገባ። ከባዱ ዝናብ የመጣው አንድ ቀን ቀትር ላይ ነው፤ ሰማዩ ወርዶ ጣራ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቱቦው ውሃውን ተፋው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ውሃው መጀመሪያ የበቅሎዋን መቃብር ዞረ፣ የአሮጊቷን ጎመን ዞረ፣ በየመታጠፊያው አረፋ እየደፈቀ፣ አፈሩን እየጣለ ወረደ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ሠራ! ሠራ! ይላል። እኔም እንደ ሙሽራ አባት አንገቴ ረዘመ። ከዚያ የመጨረሻው መታጠፊያ ደረሰ። የኔን ድንጋይ መታው። ድንጋዬ ንቅንቅ አላለም፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ውሃው ተመልሶ ባዶውን አፈር ላሰው፣ ሰበረው፣ በእትዬ በር ገባ።

ሮጥሁ፤ ይህን እንኳ አደረግሁ። ሌላውም ሰው ሮጠ። ስንደርስ ጎታው ከሥሩ ሟሙቶ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም ብሎ ነበር፤ እየያዝነው ተናደ። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ከውሃ አይለቀምም። በእፍኜ አነሣሁት፤ በጣቶቼ መሃል እየሾለከ ከጭቃው ጋር ወረደ። ሌላውም እንደኔ በእፍኙ ያነሣል፣ ይወርድበታል። አንዱ ወንፊት አመጣ፤ ማንም አልሳቀም።

እትዬ ዳር ቆመው ያያሉ። አልጮኹም። እኔ መለፍለፍ ጀመርሁ፤ እትዬ አይዞዎት፣ ከከርሞ በፊት እኔ፣ ድንጋዩን እኔ፣ እያልሁ። ክንዴን ያዙኝ። ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ፦

«ያንተስ ዕቃ፣ ደረቅ ነው?»

ዓይኔን ጣቶቼ ላይ ወደ ተጣበቀው ጤፍ መለስሁ።

«አንተ! ውሃ ነካው ወይ?» አሉ፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ፊታቸው የደነገጠው።

«ደረቅ ነው እትዬ» አልሁ።

«ተመስገን» አሉ። ክንዴን ለቀቁ። «በል ተወው፤ አታልቅስ። ጤፍ ነው።»

አለቅስ እንደ ነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ለጎረቤቱ አለቀሰ ተብሎም ተወራልኝ።

እኩል አራሹ ዘሩን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲቀርበት ለሌላ ሰው ሊያርስ ሄደ። እኔ አንድ ቁና ጤፍ ወሰድሁላቸው። ቤቴ ከዚያ የበዛ ነበረኝ፤ ዋጋው ይወደዳል ብዬ አስቀምጬው ነበር። አንድ ቁና ለዚያ ማሳ ምንም አያደርግም፤ እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። መስከረም ሲጠባ ማሳው ላይ ጓያ አዘሩ፤ ጓያ ዝናብ ካለፈ በኋላም ይበቅላልና ሌላ ያጣ ሰው ነው የሚዘራው። ዓመቱን ሙሉ ጓያ በሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ጤፍ እንጀራ ባቀርብላቸው፣ ለሚስቴ፣ ለሱ ይሁን፣ እሱ ብዙ ነገር ይጠብቃል ይሏት ነበር።

ጠላት ወጣ። ሰፈሩ ዶማ ይዞ ወደ ጓሮው ገባ። የበቅሎዋ መቃብር ተከፍቶ ምንሽር ጠመንጃ ወጣ፤ ቅቤው እንኳ አልደረቀም። የአሮጊቷ ጎመን መደብ ሁለት አፈራ። የአንዱን ምስጥ በልቶት ብረቱ ብቻ ሲወጣ ሰውየው አቅፎት አለቀሰ። ሰው ሲጠይቀኝ እኔ ቸኩዬ አውጥቼ ጫካ ልኬዋለሁ አልሁ። መቼ ቢሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል ወይ ብዬ ፈገግ አልሁ። የእትዬ ልጅም በደኅና ተመለሰ። ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር እስኪሄድ ድረስ በመንገድ ሲያገኘኝ ቆቡን እያነሣ እጅ ይነሣኝ ነበር።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሙሴ፣ እንግዲህ የምንሸሸው ነገር የለም፤ አንድ ዓመት ደግመን እህል እናዋጣና ቦዩን ቀጥ እናድርገው አሉ። ያኔ መሥመሩ የሚያልፈው በኔ ጓሮ ነው። ለበቅሎዎቼ ሳይሆን ለሌላ ነገር ነው የፈራሁት። እዚያ ቆፋሪ ከገባ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጠመንጃው የተኛበት ጉድጓድ የቱ ጋ ነበር ይለኛል። ያልተነካ መሬት ደግሞ የቆፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥሩ ከሥር፣ ድንጋዩ ከድንጋይ እንደ ተያያዘ ነው።

ተነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ ተናግሬ አላውቅም። ይህ ጥምዝምዝ እኮ የሰፈራችን ዜና መዋዕል ነው አልኋቸው። ልጆቻችን እያንዳንዱን መታጠፊያ እያዩ፣ እዚህ ምንሽር ተኝቶ ነበር፣ እዚህ ቤልጅግ ተኝቶ ነበር ይላሉ። ቀጥ ካደረግነው ግን የጣሊያኑ ሹም እንዳዘዘው አደረግነው ማለት ነው! ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። ቦዩ እንዳለ ይቅር ተባለ። የሚዋጣውም እህል ለድል ድግስ ይሁን ተባለ።

ሳቁ ሲበርድ ከዳር የተቀመጡት እትዬ ተነሡ። አልሳቁም ነበር።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «በኔ በር በኩል ያለውን ዳር እንኳ ድንጋይ አስገጥሙልኝ።»

እውነታቸውን ነው ተባለ። ከድግሱ የተረፈው እህል ለዚህ እንዲውል፣ የማሠራቱም ነገር ለጀግናው እንዲሰጥ ተወሰነ። ከድግሱ ምንም አልተረፈም። እኔም ከዚያ ወዲህ በማኅበር ላይ አላነሣሁትም፤ ቦዩ ከተነሣ ጓሮዬ ይነሣል።

ያ ዳር ዛሬም ባዶ አፈር ነው። በየሰኔው እትዬ ወገባቸውን አሥረው አፈር በዶማ ይከምሩበታል፤ አሁን አርጅተዋል፤ አንድ ዶማ አንሥተው ሁለተኛውን እስኪያነሡ ያርፋሉ። የዶማው ድምፅ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። እኔ ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ዶማም አለኝ። ከደጄ ብወጣ ግን አንተ ጀግናው ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። ስለዚህ እስኪጨርሱ ድረስ በሬን ዘግቼ ቤቴ ውስጥ እቀመጣለሁ።